ሣሩ ለምን አረንጓዴ ይሁን?

ኤፕሪል 1 ቀን 2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የካሊፎርኒያው ገዥ ጄሪ ብራውን ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ፣ ፊሊፕስ በሚባል ቦታ፣ ደረቅ ሣር ላይ ቆመው መግለጫ ሰጡ። በዚያ ሰሞን እዚያ ቦታ አምስት ጫማ ገደማ በረዶ መኖር ነበረበት። በ75 ዓመት የልኬት ታሪክ በኤፕሪል መግቢያ ምንም በረዶ ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ነበር። ብራውን የከተማ ውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዙ። ትእዛዙ ለይቶ ከጠራቸው መካከል የመቃብር ቦታዎችና የጎልፍ ሜዳዎች ይገኙበታል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎልፍ ቀሰረ። እውነቱን ለመናገር በካሊፎርኒያ ለሰው አገልግሎት ከሚውለው ውሃ 80 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እርሻ ነው፤ ቅነሳው ደግሞ እርሻን አልነካም። ቢሆንም ጎልፉን ነጻ ለማውጣት አልቸኩልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ይህ ሜዳ በድርቅ መሐል አረንጓዴ መሆን አለበት ያለው ማን ነው?

ጨዋታው ራሱ አላለም። ጎልፍ ያደገው በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ሊንክስ በሚባል ለእርሻ በማይሆን አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ሣሩን የሚያጭዱት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ፤ ውሃ የሚያጠጣው ሰማይ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ፌስኪው የሚባለው ቀጭን ሣር ቡናማ ሆኖ ያንቀላፋል፤ ሲዘንብ ይነሳል። መሬቱ ሲደርቅ ኳሷ ሩቅ ትንከባለላለች፣ ተጫዋቹም ማሰብ ይጀምራል። ከ1860ዎቹ እስከ 1903 የሴንት አንድሩስን ሜዳ የተንከባከበው ቶም ሞሪስ የሚታወቅበት መድኃኒትም ውሃ አልነበረም፤ አሸዋ ነበር። ሣሩ ላይ አሸዋ በትኖ ያጠነክረው ነበር።

ከእሱ ዘንድ የተማረው ዶናልድ ሮስ አሜሪካ ተሻግሮ በሰሜን ካሮላይና ፓይንኸርስት ቁጥር 2 የተባለውን ሜዳ ሠራ። 1907 ተከፈተ፤ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኳሷ የምትገባባቸው ቦታዎች፣ ማለትም ግሪኖቹ፣ ሣር ሳይሆን አሸዋ ነበሩ።

ነገሩን የቀየረው ቴሌቪዥን ነው ባይ ነኝ። በጆርጂያ ኦገስታ በየኤፕሪሉ የሚካሄደው የማስተርስ ውድድር በ1966 በቀለም መተላለፍ ጀመረ። ተመልካቹ እንከን የለሽ አረንጓዴ አየና የእኔስ ክለብ ለምን እንዲህ አይሆንም አለ። በሙያው «የኦገስታ በሽታ» የሚባለው ይህ ነው። ተመልካቹ ያላየው ነገር፣ ኦገስታ በበጋው ሙቀት ለወራት በሩን ዘግቶ ሣሩን እንደሚያሳርፍ ነው። ሌላው ሜዳ ዓመቱን ሙሉ እየተረገጠ ያንን የኤፕሪል ፎቶ ሊመስል ይጥራል።

ደረቅ ፀደይ ደግሞ ለዚህ ጥረት ክፉ ወቅት ነው። (ፀደይ ስል የእነሱን፣ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ነው፤ የእኛ ፀደይ አደይ አበባ ይዞ መስከረም ስለሚመጣ ቃሉ ያምታታል።) ሣር ሥሩን ወደ ታች የሚሰደው ያኔ ነው። ክለቡ ቀለሙ እንዳይጠፋ ብሎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካጠጣ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ በጋው ሲገባ ያ አረንጓዴ ሣር ቀድሞ ይሞታል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አልፎ አልፎ አጥልቆ ያጠጣል፣ ሣሩን ከወትሮው ረዘም አድርጎ ያጭዳል፣ ማዳበሪያ ይቀንሳል፣ የደረቀውን ቦታ ብቻ በእጁ ጎማ ይዞ ይደርስለታል። ለአባላቱም «ቡናማ ማለት የሞተ ማለት አይደለም» ብሎ ማስረዳት አለበት፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ፓይንኸርስት በ2010 እና 2011 ይህን ደፈረ። 16 ሄክታር ገደማ ሣር ነቅሎ አሸዋውንና የዱር ሣሩን መለሰ። ውሃ መርጫዎቹ ከ1,150 ወደ 450፣ የዓመት ፍጆታው ከ55 ሚሊዮን ወደ 15 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ወረደ። በ2014 የወንዶችም የሴቶችም ዩኤስ ኦፕን በተከታታይ ሳምንታት እዚያው ተካሄደ። ራሳቸው የጎልፍ ሜዳዎች ባለቤት የሆኑት ዶናልድ ትራምፕ በትዊተር መልኩን አጣጣሉት። ውድድሩ ግን ያለ ችግር ተጠናቀቀ።

ሁሉም ቡናማ ይቅለም ማለቴ አይደለም። 50 ወይም 60 ሄክታር ከሚሆን ሜዳ ግሪኖቹ አንድ ሄክታር ገደማ ናቸው፤ በጣም አጭር ስለሚታጨዱ በሙቀት ወቅት ያለ ውሃ ቶሎ ይሞታሉ። ፈረንሳይ በ2022 ድርቅ ጊዜ የፈቀደችው ይህንኑ ነበር፤ ግሪን ብቻ፣ ሌሊት ብቻ፣ ከወትሮው 30 በመቶ ሳይበልጥ። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነው። ግን በዚያው ኦገስት ከ100 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች የቧንቧ መጠጥ ውሃ አልቆባቸው በቦቴ ይቀርብላቸው ነበር፤ ነዋሪውም የጓሮውን ሣር እንዳያጠጣ ተከልክሏል። ቱሉዝ አካባቢ ተቃዋሚዎች የጎልፍ ጉድጓዶችን በሲሚንቶ ደፈኑ። ሲሚንቶውን አልደግፍም፤ ንዴቱ ግን ይገባኛል። ውሃ በቦቴ በሚታደልበት ቀን ያች አንዲት ሄክታርም መድረቅ ነበረባት፤ እንደገና ትዘራለችና። በወቅቱ ግሪኖችንም ጭምር የከለከለው የኢል-ኤ-ቪሌን ክፍለ ግዛት አስተዳዳሪ ብቻ ነበር።