ኪኔክት በሊኑክስ

ኪኔክት ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ 360 ሠርቶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2010 በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበው፣ የሰውን እንቅስቃሴ የሚከታተል ካሜራ ነው። የታሰበው ለጌም ብቻ ስለነበር ከኮምፒውተር ጋር የሚያሠራው ፕሮግራም (ድራይቨር) አልነበረውም። አዳፍሩት የተባለው የኒው ዮርክ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ክፍት ኮድ ድራይቨር ለሚጽፍ ሰው 1,000 ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። ማይክሮሶፍት ምርቱ እንዲነካካ እንደማይፈልግ ሲናገር ሽልማቱ ወደ 2,000፣ ቀጥሎም ወደ 3,000 ዶላር አደገ።

መሣሪያው መረጃ የሚልከው በዩኤስቢ ነው፤ ምስሉም አልተመሰጠረም። የጎደለው ካሜራዎቹን የሚያስነሱትን ትእዛዞች ማወቅ ነበር። አዳፍሩት በኤክስቦክሱና በኪኔክቱ መካከል የሚመላለሰውን መረጃ ቀድቶ ለሁሉም ለቀቀ። ስፔናዊው ፕሮግራመር ሄክተር ማርቲን ኪኔክት አውሮፓ በገባበት ኖቬምበር 10 ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ፣ በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን አሳየ፦ አንዱ ተራ የቀለም ምስል፣ ሌላው እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ያለውን ርቀት በቀለም የሚለይ። ሽልማቱም የእሱ ሆነ።

የማርቲን ኮድ ሊብፍሪኔክት ለተባለው ላይብረሪ መሠረት ሆነ። ጥቅሙን ፈጥነው ያዩት የሮቦት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ርቀት የሚለካ ካሜራ በ150 ዶላር ማግኘት ለእነሱ ብርቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ብዙም ሳይቆይ አቋሙን አለዘበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዊንዶውስ የራሱን የፕሮግራመሮች መሣሪያ አወጣ። በሊብፍሪኔክት በኩል የኪኔክቱ ማይክሮፎኖች ግን በቀላሉ አልሠሩም፤ ድምፅ ለመቅዳት መጀመሪያ ፈርምዌር ወደ መሣሪያው መጫን ያስፈልጋል።