ድንኳኑ ይቆያል፣ መሙ ይነሣል

የሪያድ ሜትሮ ቀዩ መስመር በስተምሥራቅ የሚያበቃው «ንጉሥ ፋህድ ስፖርት ከተማ» በተባለው ጣቢያ ነው። እዚያ ሰፈር ያለውን ስታዲየም ማንም ከሌላ ሕንፃ ጋር አያምታታውም። ክብ ሠርተው የተተከሉ 24 ነጭ ድንኳኖች ከበረሃው ሜዳ ላይ ብድግ ብለው ይታያሉ። የሳዑዲ ደጋፊዎች «የስታዲየሞች ዕንቁ» ይሉታል። እኔም በኳስ ፍቅር የተለከፍኩ ሰው ነኝና ስታዲየሙ ሊታደስ መሆኑን ስሰማ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ወንበሩ ብዛት ሳይሆን ስለ ድንኳኑ ነበር። ይነሣል ወይስ ይቆያል?

ስታዲየሙ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የተጠናቀቀው። የነዳጅ ገንዘብ ሪያድን እንደ አዲስ በሠራበት ዘመን መሆኑ ነው። ሕንፃውን የነደፈው ኢያን ፍሬዘር፣ ጆን ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን፣ የጣሪያው ምሕንድስና ግን የሆርስት በርገር ሥራ ነው። በርገር ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ፣ ጨርቅን በሽቦ ገመድ ወጥሮ ጣሪያ በማድረግ የታወቀ መሐንዲስ ነው። ለሐጅ የሄደ ኢትዮጵያዊ በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሐጅ ተርሚናል ነጫጭ ድንኳኖች ሥር አርፎ ከሆነ፣ የዚሁ ሰው እጅ ያለበትን ሥራ አይቷል።

የሪያዱ ጣሪያ ቴፍሎን የተቀባ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ነው። ስፋቱ ወደ 47 ሺህ ካሬ ሜትር ሲሆን የዋናዎቹ ምሰሶዎች ቁመት 60 ሜትር ይጠጋል። ቀና ብሎ ያየ ሰው ጨርቁ ከየምሰሶው ጫፍ ወደታች ሲወርድ፣ ወደ መሐል ደግሞ በወፍራም ገመድ ሲወጠር ያያል። ጨርቁ ፀሐዩን አጣርቶ ሙቀቱን ሲያስቀር ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ መቀመጫው ላይ የሚወርደው ጥላ ጥቁር ሳይሆን ወተት የመሰለ ነው። ሜዳው ራሱ ግን ጣሪያ የለውም። ከሰማይ ጋር ፊት ለፊት ነው።

በዚህ ድንኳን ሥር ያለፈው ኳስ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 እንግሊዝ ለወዳጅነት ጨዋታ መጥታ 1 ለ 1 ተለያየች። ለሳዑዲ ያገባው ማጂድ አብደላ ነበር፤ ለእንግሊዝ ቶኒ አዳምስ አቻ አደረገ። ግብ ጠባቂው ዴቪድ ሲማን ለአገሩ መጫወት የጀመረውም ያን ዕለት ነው። በዓመቱ መጋቢት የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ እዚሁ ተደረገና የካርሎስ ኬሮዥ ፖርቱጋል ናይጄሪያን 2 ለ 0 አሸነፈች። በ1992 ሳዑዲዎች በንጉሣቸው ስም ዋንጫ አዘጋጅተው የየአህጉሩን ሻምፒዮኖች ጠሩ፤ በፍጻሜው አርጀንቲና አስተናጋጇን 3 ለ 1 ረታች። ፊፋ በኋላ «የኮንፌዴሬሽኖች ዋንጫ» ብሎ የወሰደው ውድድር ከዚህ ሜዳ የበቀለ ነው። በ1997 ፍጻሜ ብራዚል አውስትራሊያን 6 ለ 0 ስትቀጣ ሦስቱን ሮማሪዮ፣ ሦስቱን ሮናልዶ አገቡ። በአንድ ፍጻሜ ሁለት ሐትሪክ!

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴት ተመልካች አልነበረችም። ሴቶች በዚህ ስታዲየም እንዲታደሙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ለብሔራዊ ቀን በዓል ሲሆን፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት የገቡት በጥር 2018 ነው። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስንት እንደሆኑ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ስታዲየሙ ከታደሰ የታደሰው ያኔ ነው ባይ ነኝ። በጥር 2023 ሜሲና ክርስቲያኖ ሮናልዶ ተገናኝተው ፓሪ ሴን ዠርመን የሪያድን ምርጥ ቡድን 5 ለ 4 ባሸነፈበት ምሽት፣ በዚያ መቀመጫ ላይ ሴት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

የስታዲየሙ እንከን አንድና ግልጽ ነበር፤ ርቀት። በሜዳውና በተመልካቹ መካከል የሩጫ መም ተዘርግቶ ነበር። ከጎሉ ጀርባ፣ ላይኛው መደዳ ላይ የተቀመጠ ሰው የጨዋታውን ቅርጽ ያይ ነበር እንጂ የተጫዋቹን ፊት አያይም ነበር። ኳሷ መረቡን ስትነካ ጩኸቱ የሚነሣው ከወዲያኛው በኩል ነበር፤ የዚህኛው ወገን ደጋፊ ጎል መሆኑን የሚያረጋግጠው ከእነሱ ጩኸት ነበር። ለ2027 የእስያ ዋንጫና ለ2034 የዓለም ዋንጫ በታሰበው እድሳት መሙ ተነሥቶ መቀመጫው ወደ ሜዳው እንዲጠጋ፣ የተመልካቹም ቁጥር ከ70 ሺህ እንዲያልፍ ተነድፏል። የድንኳኑ መልክ ግን ይቆያል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሪያድ ድንኳኑን አፍርሳ የመስተዋት ሣጥን ብታቆም ኖሮ ስታዲየሙን የትም አገር ልናገኘው እንችል ነበር።

ይህን ስል ልቤ አዲስ አበባ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፣ ክቡር ትሪቡን እያለ ያደገ ደጋፊ ለእያንዳንዱ መቀመጫ የየራሱ ታሪክ አለው። የአገራችን ሜዳዎች የካፍን መስፈርት ማሟላት አቅቷቸው ዋልያዎቹ ስደተኛ ከሆኑ በኋላ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ለኢትዮጵያ «የሜዳዋ ጨዋታ» ተብሎ!

ስለዚህ የአዲስ አበባ ስታዲየም መልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ ወንበሩ፣ መጸዳጃው ሁሉ ይታደስ፤ ለካፍ ብቻ ሳይሆን በዝናብ ቆሞ ለሚጨፍረው ደጋፊ ሲባል። የሪያድን መፍትሔ እንዳለ መቅዳት ግን አይሆንም። እዚያ መሙን ሲያነሡ ያጡት ብዙ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተደረገው በአዲስ አበባ ስታዲየም መም ላይ ነው፤ ሯጭ ለምታፈራ አገር መም የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ኳሱን ለማቅረብ ሲባል ሩጫውን ከመሐል ከተማ ማስወጣት የለብንም። የሚያድሱት መሐንዲሶችም አንድ ቀን ካታንጋ ላይ ከደጋፊው ጋር ተቀምጠው ምን እንደሚቆይና ምን እንደሚነሣ ይጠይቁት።