የወጋ ቢረሳ፦ ላይቤሪያ ከጦርነቱ በኋላ

ላይቤሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጆርጅ ዌያ ነው፤ በ1995 የወርቅ ኳስ የተሸለመው አጥቂ። ከዚያ ወዲያ ብንጠየቅ «መርከብ ሁሉ ባንዲራዋን የሚሰቅልላት አገር» እንል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከመነሣታችን በፊት ከዚህ የተሻለ አናውቅም ነበርና ማንንም ለመውቀስ አንደፍርም።

አለማወቃችን ግን ያሳፍራል። በኖቬምበር 1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ድረስ ሄደው የከሰሱት ሁለት አገሮች ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ። ሁለቱም የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባሎች ስለነበሩ፣ ቅኝ ግዛት ላይ ላለው ወንድም ሕዝብ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ሙግቱ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። በጁላይ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ አብሮን የተሟገተ አገር ከዚያ በኋላ ምን ደረሰበት ብለን አለመጠየቃችን ምን ይባላል?

የደረሰበት ይህ ነው። በ14 ዓመት ውስጥ ሁለት የእርስ በርስ ጦርነት አሳለፈ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 250,000 ገደማ ሰው ሞተ ይላል። የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ጠመንጃው ዝም ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ አገሪቱ ድናለች ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው። ለመመለስ ግን ሕመሙ ከየት እንደመጣ ማየት ግድ ነው።

*

በ1822 ከአሜሪካ የመጡ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ዛሬ ሞንሮቪያ ባለችበት ዳርቻ ሰፈሩ። ያመጣቸው የአሜሪካ ሰፈራ ማኅበር የተባለ ድርጅት ነበር። በጁላይ 26 ቀን 1847 ነጻ መንግሥት መሆናቸውን አወጁ። የሚያሳዝነው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከባርነት ሸሽተው የመጡት ሰዎች፣ ቀድሞ በዚያ ምድር የኖረውን ክፔሌውን፣ ባሳውን፣ ጊዮውን፣ ክራሁን፣ ማኖውን «ያልሠለጠነ» ብለው ከደጅ አቆሙት። የሰፋሪዎቹ ዘሮች ከሕዝቡ 5 በመቶ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ትሩ ዊግ የተባለው ፓርቲያቸው ከ1878 እስከ 1980 ያለማቋረጥ ገዛ። አንድ መቶ ሁለት ዓመት! ጨዋታው ሁሉ ጥቂት ቤተ ሰቦች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ነበር።

በ1926 ፋየርስቶን የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ አንድ ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት ተኮናተረ፤ በእኛ ልማድ ሲሰላ 10,000 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ኪራዩስ? ለአንድ ኤከር 6 ሳንቲም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፦ ባለሥልጣኖቹ የገጠሩን ሰው በግድ እየያዙ ፈርናንዶ ፖ ወደተባለው የስፔን ደሴት ለእርሻ ሥራ ይልኩ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር አጣሪ ልኮ ነገሩ ሲጋለጥ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኪንግና ምክትላቸው በ1930 ሥልጣን ለቀቁ። ባርነትን ሸሽቶ የመጣ መንግሥት ሰው ሲሸጥ ተያዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያዝልን እንፈልጋለን። ጋዜጦች ሁልጊዜ «የጎሣ ጦርነት» ይሉታል። እንዲያው ጎሣ ከጎሣ ጋር በተፈጥሮው የሚባላ ይመስል! መሬቱ፣ ሥልጣኑና ትምህርት ቤቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ለመቶ ዓመት ተቆልፎ ባይቆይ ኖሮ፣ ጠመንጃ ያዥ ሁሉ ጎሣን መጥራት ባልቀለለው ነበር።

*

አሁን ደግሞ እኛን ራሳችንን ወደሚነካው እንምጣ። በ1970ዎቹ የላይቤሪያ ዩኒቨርስቲ ተማሪና መምህር ዝም አላለም። በ1973 የተመሠረተው ሞጃ የተባለው እንቅስቃሴ ገበሬውንና ሠራተኛውን ማደራጀት ጀመረ። ኤፕሪል 14 ቀን 1979 መንግሥት የሩዝ ዋጋ ሊጨምር ነው በመባሉ ሞንሮቪያ ሰልፍ ወጣች። ሩዝ ለላይቤሪያ ሰው እንጀራው ነው። ፖሊስና ወታደር ተኮሰ፤ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ሌሊት፣ ሳሙኤል ዶ የተባለ ገና ሠላሳ ያልሞላው የበታች ሹም ከጓደኞቹ ጋር ቤተ መንግሥት ገብቶ ፕሬዚዳንት ቶልበርትን ገደለ።

ከተማው ጨፈረ። በአሥረኛው ቀን 13 የቀድሞ ባለሥልጣኖች ባሕር ዳርቻ ላይ እንጨት ላይ ታስረው በጥይት ሲመቱ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። የፍርዱ ሥርዓት ጠበቃም ይግባኝም አልነበረውም። የኛ አገር አንባቢ ይኸን ሲያነብ ምን ትዝ እንደሚለው እኛ አንነግረውም።

ካጨበጨቡት መካከል የተማሩት ነበሩበት። የሰልፉ መሪ ባከስ ማቲውስ የዶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ከሞጃ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶግባ ና ቲፖቴ የፕላን ሚኒስትር ሆነ። «ወታደሩን እኛ እንመራዋለን» ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ከሥልጣኑ ወጡ። ኦገስት 22 ቀን 1984 ደግሞ ተማሪው የታሰረው መምህሩ አሞስ ሶየር እንዲፈታ ሲጠይቅ፣ ያ የተጨበጨበለት ጦር ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኮሰ፣ ደበደበ፣ ሴት ተማሪዎችን ደፈረ። ያለ ሕግ ሲገድል ያጨበጨቡለት ጠመንጃ፣ አፈሙዙን ሲያዞር ሕግ ጥሩ ቢሉት ከየት ያመጣል?

በ1985 ዶ ምርጫ አጭበርብሮ «አሸነፍኩ» አለ። የቀድሞ ጓደኛው ክዊዎንክፓ ሊገለብጠው ሞክሮ ሲከሽፍ፣ ወታደሩ በኒምባ የጊዮና የማኖ ተወላጆችን ፈጀ። እሳቱ ተዳፈነ እንጂ አልጠፋም። በ1989 የገና ዋዜማ ቻርልስ ቴይለር ከኮት ዲቯር ድንበር ተሻግሮ በዚያው በኒምባ ሲገባ፣ ቂም የያዘ ወጣት ተሰልፎ ጠበቀው። የቀረውን በአጭሩ እንበለው፤ ዝርዝሩ ሆድ ይበላል። ጁላይ 1990 የመንግሥት ወታደሮች ሞንሮቪያ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ 600 ገደማ ሰዎችን በአንድ ሌሊት ገደሉ። በሴፕቴምበር ዶ ራሱ ፕሪንስ ጆንሰን በተባለው አማፂ እጅ ወድቆ፣ በቪዲዮ እየተቀረጸ ተሠቃይቶ ሞተ። በ1997 ቴይለር በ75 በመቶ ድምፅ ተመረጠ፤ ብዙው ሰው የመረጠው ቢሸነፍ ወደ ጫካ ይመለሳል ብሎ ፈርቶ ነው። በ1999 ሌሎች አማፂዎች ተነሡና ሁለተኛው ጦርነት ጀመረ።

*

ጦርነቱን ማን አቆመው? መልሱ አንድ አይደለም። የናይጄሪያና የጎረቤት አገሮች ጦር ነበረበት፤ የአሜሪካ ግፊት ነበረበት። ነገር ግን የሞንሮቪያ ሴቶችን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። በ2003 ሊማ ቦዊ ያስተባበረቻቸው ክርስቲያንና እስላም ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀባቸው፣ ቴይለር በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጡ። ድርድሩ አክራ ላይ ሲጓተት እዚያው ሄደው የአዳራሹን በር ዘግተው ተቀመጡ። ጠባቂዎች ሊያነሷት ሲመጡ ቦዊ ልብሷን እንደምታወልቅ ዛተች። በኛ አገር እናት ጡቷን አውጥታ «ባጠባሁህ» ስትል እግር እንደሚታሰር ሁሉ፣ በዚያም የእናት እርቃን እርግማን ነው። ኦገስት 11 ቴይለር ሥልጣን ለቆ ወደ ናይጄሪያ ሄደ፤ ኦገስት 18 የሰላሙ ውል ተፈረመ።

ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 15,000 የሚደርስ ጦር አሠፈረ። ከጦሩ ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩበት፤ ሄግ ላይ አብረን የቆምንላትን አገር ዝዌድሩ ድረስ ሄደን ጠበቅናት ማለት ነው። ትጥቅ በማስፈታቱ ከ100,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። የተሰበሰበው ጠመንጃ ግን 28,000 ገደማ ብቻ ነበር። ለተመዘገበው ሁሉ 300 ዶላር ይሰጥ ነበርና፣ ሳይዋጋ የተሰለፈም አይጠፋም። ግን ጠመንጃ ሳይዙ ጥይት የተሸከሙ፣ ምግብ ያበሰሉ፣ በግድ የተወሰዱ ሕፃናትና ሴቶችም ነበሩበት። ጦርነት ውስጥ የገባውን ሁሉ በጠመንጃ ቁጥር መለካት እንደማይቻል ይህ ያሳያል።

በጃንዋሪ 2006 ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በአፍሪካ በምርጫ ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት የነጻነት በዓል ዕለት፣ ሞንሮቪያ አንዳንድ መንገዶቿ ላይ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ የመንገድ መብራት በራ። የከተማው ልጅ ጎረምሳ ሆኖ አምፑል በመንገድ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በጦርነቱ የተዘረፈው የማውንት ኮፊ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግን ዳግም የተነሣው በዲሴምበር 2016 ነው። በ2010 ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ዕዳ ተሠረዘ።

ግን ዕዳ በፊርማ ይሠረዛል፤ ትምህርትስ? በ2013 ወደ 25,000 የሚጠጋ ወጣት ለላይቤሪያ ዩኒቨርስቲ የመግቢያ ፈተና ተቀመጠ። ስንቱ አለፈ? አንድም። ዜናው ብዙ አሣቀ። እኛን ግን አላሣቀንም። እነዚያ ልጆች የተወለዱት በጥይት መሐል፣ ፊደል የቆጠሩትም ጣራው በተገነጠለ ትምህርት ቤት ነው። በዓመቱ ደግሞ ኢቦላ ገባና ከ4,800 በላይ ሰው ጨረሰ። ዌስት ፖይንት የተባለውን የድሆች ሠፈር መንግሥት በወታደር ሲያጥረው ሕዝቡ ተቃወመ፤ ወታደሩ ተኮሰ፤ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሞተ። ሕዝቡ «በሽታ የለም፣ ገንዘብ ሊበሉበት ነው» ማለቱን ብዙዎች ድንቁርና አሉት። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ መንግሥት እውነት ነግሮት የማያውቅ ሕዝብ፣ እውነት የተነገረው ዕለት በምን ይለየው?

በጎውንም እንናገር። በ2018 ሰርሊፍ ለጆርጅ ዌያ ሲያስረክቡ፣ የተመረጠ መሪ ለተመረጠ መሪ በሰላም ሲያስረክብ ከ1944 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የሰላም አስከባሪው ጦርም በዚያው ዓመት ወጣ። በ2023 ዌያ በጆሴፍ ቦአካይ በ20,000 ድምፅ ገደማ ብቻ ተሸነፈ። ቆጠራው ሳያልቅ ስልክ አንሥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» አለ። በሩዝ ዋጋ አገር በፈረሰበት ምድር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

*

የቀረው ትልቁ ቁስል ፍርድ ነው። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑ በ2009 ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋም አለ። የሚጠየቁትንም በስም ዘረዘረ። ሰርሊፍ እንኳ በመጀመሪያው ጦርነት ጅማሬ ቴይለርን ደግፈዋልና 30 ዓመት ከሥልጣን ይታገዱ ከተባሉት መካከል ነበሩ፤ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን እገዳ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ። ቴይለር በ2012 የተፈረደበት 50 ዓመት፣ በሴራሊዮን ለሠራው እንጂ በላይቤሪያ ላፈሰሰው ደም አይደለም። በላይቤሪያ ለተሠራው ወንጀል ስዊዘርላንድ በ2021፣ ፈረንሳይ በ2022 የቀድሞ ተዋጊዎችን ፈረዱባቸው። ፕሪንስ ጆንሰንስ? የኒምባ ሴናተር ሆኖ በ2024 እስኪሞት ድረስ ምክር ቤት ተቀምጧል።

በመካከላችን በዚህ ነገር ክርክር ነበር። ገሚሶቻችን «ያን ጊዜ ፍርድ ቢባል ኖሮ ማን ጠመንጃውን ያስቀምጥ ነበር? ሰላም ይቅደም» አልን። ገሚሶቻችን «ገዳይ ሴናተር ሲሆን ያየ ልጅ ምን ይማራል?» ብለን ተከራከርን። እስክንጨርስ አልተስማማንም፤ ተስማምተናል ብለን አንዋሽም። አንድ ነገር ላይ ግን ተገናኘን። ፍርዱ ይዘግይ ቢባል እንኳ እውነቱ መዘግየት የለበትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ካልተነገረ ደግሞ ለልጁ በሹክሹክታ ያወርሰዋል፤ የ1985ቱ የኒምባ ቂም በ1989 እንደወጣው ሁሉ።

በሜይ 2024 ፕሬዚዳንት ቦአካይ የጦርነትና የኢኮኖሚ ወንጀል ፍርድ ቤት የሚያቋቁም ጽሕፈት ቤት እንዲከፈት ትእዛዝ ፈረሙ። በ2025 አጋማሽ ደግሞ ገዳይም ተገዳይም ክብር አግኝተው ተቀበሩ፦ ዶ በትውልድ አገሩ በዝዌድሩ፣ ቶልበርትና በባሕር ዳርቻው የተረሸኑት 13ቱ በሞንሮቪያ። ለቶልበርትና ለ13ቱ የተደረገው ቀብር ምሳሌያዊ ነበር።

እነዚህስ ስማቸው ተጠራ። ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የቀሩት፣ በየመንገዱ ኬላ ላይ «ቋንቋህን ተናገር» ተብለው የተመረጡት፣ ጠመንጃ ከቁመታቸው የረዘመባቸው ልጆች ገና ተራቸውን ይጠብቃሉ። ላይቤሪያ ድናለች ወይ ብለን ነበር የጀመርነው። ቆማ ትሄዳለች፤ ግን ታነክሳለች። እኛ ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው ምክር ካለ ይህ ነው፦ ባሕር ዳርቻው ላይ ጭብጨባ ሲሰማ፣ ከማጨብጨባችን በፊት «ጠበቃ ነበራቸው ወይ?» ብለን እንጠይቅ።