ወናፍና ሞተር በጣና ዳር



ከቆላው አገር ተነሥቶ በሞተር ቢስክሌት ወደ ባሕር ዳር የወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በሜዳው ላይ እንደ ሰጋር በቅሎ ሲያስኬደው የነበረው ሞተር፥ ጣና ዳር ሲደርስ ይለግማል፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ቢጠመዘዝም የቀድሞው ጉልበት አይገኝበትም። ባለቤቱም ካንዴላውን ፈትቶ ጥላሸት ለብሶ ሲያገኘው፥ ሞተሬ ታመመ ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ሞተሩ አልታመመም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዛዘን ከመቶው 16 እጅ ገደማ ይጎድለዋል። ሞተርም የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። አየር ያነሰው እሳት ደግሞ ይጨሳል እንጂ በሚገባ አይነድም።

ይህን ምሥጢር ቀጥቃጩ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከሰል ብቻውን ብረት እንደማያለሰልስ ስለተረዳ፥ ከቆዳ በተሠራ ወናፍ ነፋሱን እየገፋ ወደ ምድጃው ያስገባል። ዛሬ በውጭ አገር የፍጥነት ውድድር የሚደረግባቸውን ሞተር ቢስክሌቶች የሚሠሩ ሰዎች «ቱርቦ» የሚሉት መሣሪያም፥ በመሠረቱ ከዚህ ወናፍ ሌላ አይደለም። ስለዚህ መሣሪያ ከመናገራችን አስቀድሞ ግን፥ በዚሁ በሐይቁ ዙሪያ ስለ እሳትና ስለ መኪና የተደረገውን ታሪክ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት የምትባል ስፍራ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን ጥበብ በአገራቸው ለማቋቋም ሲሉ፥ ለወንጌል ሥራ የመጡትን ዋልድማየርንና ሳልሙለርን፥ እንዲሁም ፖላንዳዊውን ሞሪትስ ሆልንና ፈረንሳዊውን ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎን በዚያ አሠፈሩ። ሰዎቹ መድፍ ማፍሰስ ሙያችን አይደለም ቢሉም ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ፤ ከትንሹ ጀምረው እያሳደጉ ሄዱ፤ በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ይህን መድፍ በሠረገላ አስጭነው፥ በገደልና በሸለቆ መንገድ እያስጠረጉ፥ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ እስከ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም በዚያው ተራራ ላይ ይገኛል።

ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም። በሐይቁ ላይ የተደረገውን ሌላውን ሙከራ ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በቆራጣና በዘጌ አካባቢ በሰፈሩ ጊዜ፥ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በጣና ላይ ለማየት አሰቡ። ሠሪ ባጡም ጊዜ ራሳቸው ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፥ ከተራው የደንገል ታንኳ እጅግ የሚበልጡ ትልልቅ ታንኳዎች ተሠርተው፥ በመካከላቸው የእንጨት ወለል ተነጥፎ፥ በጎናቸውም በእጅ የሚሽከረከሩ መንኰራኵሮች ተገጠሙላቸው። መልካቸው የመርከብ ነበረ፤ እሳቱ ግን አልነበረም። መንኰራኵሩን የሚያዞረው የወታደር ክንድ ነው። እኔ በዚህ ሥራ የሚስቁትን አልወዳቸውም። መርከቡን ያለ ሞተር ማሰብ ከባዱን ግማሽ መተው እንደ ነበረ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአገሩ ደንገል፥ በአገሩ እጅ መጀመራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ያው እጅ ግን በአገራችን ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ስንል ቆይተን፥ ዐፄ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠን መዝገብ የምናገላብጠው ሰዎች፥ ልጃችን ጋራዥ ገብቶ እጁን ዘይት ቢነካው ደስ ይለን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

በባሕር ዳር ነገሩ መልክ የለወጠው በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። በጢስ ዓባይ የሚወርደው ውኃ የተርባይኑን ክንፎች እየመታ ያሽከረክራል። ይህን ያየ ሰው ቱርቦን ለመረዳት አይቸገርም፤ በውኃው ፈንታ ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጢስ ማሰብ ብቻ ነው። ጢሱ በማርሚታ በከንቱ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ይመታል፤ ከእርስዋ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሁለተኛይቱ መዘውር ደግሞ ንጹሑን አየር እየጨመቀች ወደ ሲሊንደሩ ትገፋዋለች። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች። እሳቱ የራሱን ወናፍ ራሱ ይነፋል ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ፥ በኮሎራዶ ከሚገኘው ከፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ የአውሮፕላን ሞተር አውጥቶ ፈተነው። ተራራው 4,300 ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛ ራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። በባሕር ጠረፍ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በዚያ ከፍታ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ከ350 አለፈ። የደጋ ሰዎች የሆንን እኛ ይህን ፈተና ከማንም ይልቅ ልናስተውለው ይገባል።

ሆንዳ ቱርቦ የተገጠመለትን ሞተር ቢስክሌት በ1982 ለገበያ አቀረበ። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካዎቹ ነገሩን ተዉት። ያልተዉት የውድድር ሰዎች ናቸው። ውድድሩ እጅግ አጭር ነው፤ ቀጥ ባለ ጐዳና 402 ሜትር ብቻ። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሱዙኪ በ1999 ያወጣው ሀያቡሳ ሲሆን፥ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ርቀቱን ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል።

ሥራው ግን ወናፍ በመግጠም አያበቃም። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በልኩ መብዛት አለበት፤ ያለዚያ እሳቱ ከመጠን በላይ ይግላል። የፋብሪካው ፒስተንና ቢየላ ያንን ግፊት ስለማይችሉት፥ ተቀጥቅጠው በጠነከሩ ይለወጣሉ። አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ይሠራለታል፤ አንዳንዶቹም ሲተን የሚያቀዘቅዘውን ሜታኖል ያቃጥላሉ። ፍሪሲዮኑ እንዳይንሸራተት ይጠነክራል። የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ክንድ ደግሞ ይረዝማል፤ ካልረዘመ የፊቱ ጎማ ተነሥቶ ጋላቢውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ከእነዚህ አንዱን የዘነጋ ሠሪ፥ የቀሩትን አሟልቶ ቢሠራም ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ጠንቃቃው ሠሪ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ሞተሩን ይፈታዋል። በመጀመሪያ ካንዴላውን፥ ቀጥሎ የፒስተኑን ራስ በመብራት እያዞረ ይመረምራል። ጥላሸት ካለበት አየር አንሶታል፤ ጠርዙ መቅለጥ ከጀመረ ግን ነፋሱ ከቤንዚኑ በልጧል። ያን ጊዜ የወናፉን ግፊት ጥቂት ቀንሶ፥ ልኩን በደብተሩ ጽፎ፥ ሞተሩን እንደገና ይገጥማል።