ሬዲዮው የማን ነበር?

የቢቢሲ ገለልተኝነት ክርክር ኢንተርኔት ያመጣው ይመስለናል። እስቲ ወደ ሜይ 1926 (እ.ኤ.አ.) እንመለስ።

በብሪታኒያ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ፤ አብዛኞቹ ጋዜጦች ሳይታተሙ ቀሩ። ዜና ፈላጊው ሁሉ በአዲሱ መሣሪያ፣ በሬዲዮ ዙሪያ ተኮለኮለ። ቸርችል "ጣቢያውን መንግሥት ይውረሰው" ባይ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ጆን ሪዝ ግን አልሰጥም አለ፣ አልተወረሰምም።

በምን ዋጋ? ጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን ከራሱ ከሪዝ ቤት ሆኖ ለሕዝብ ተናገረ። የተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ መሪ ማክዶናልድ ግን ማይክሮፎን ተከለከለ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የእርቅ ጥሪ እንኳ ለቀናት ታገደ!

ልብ በሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ መግለጫ በዜና ይነበብ ነበር። አድልዎን በውሸት ብዛት ብቻ የምትለኩ፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ? (እኔ አድልዎ እለዋለሁ።)

በ1927 ሪዝ የ"ሰር" ማዕረግ ተሰጠው።