የዝምታ ሚዛን፦ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ተማሪዎችና የተከስተ ነጋሽ ድምዳሜ

የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዝኛን የበላይነት ከቅኝ ገዥነትና ከወራሾቹ ጋር አያይዘው ጽፈዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ ያደረገው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የራሳችን መንግሥት ነው። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሙግቴ ከታሪክ ምሁሩ ከተከስተ ነጋሽ ጋር ነው።

ተከስተ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርታችን ውድቀት አፋፍ ላይ የደረሰው በዋነኛነት ተማሪም አስተማሪም በማይችለው ቋንቋ ስለሚሰጥ ነው ይላሉ። መድኃኒቱም እንግሊዝኛን በአገር ውስጥ ቋንቋ መተካት ነው። በመድኃኒቱ እስማማለሁ፤ በምርመራው ግን አልስማማም። እኔ እንደማነበው፣ በጥናቱ ውስጥ ያለው ተማሪ እንግሊዝኛ ስለማይችል ባዶ ሆኖ ይታያል። ዝምታው ካለማወቅ ተቆጥሯል። ይህ ደግሞ የመምህራን ክፍልና የቅጥር ኮሚቴ በየቀኑ የሚፈጽሙት ያው ንቀት ነው፤ በምሁር ብዕር ሲጻፍ ማስረጃ ይመስላል።

ይህን ምርመራ የሚፈትን ምንጭ አለ። በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ለትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጁት ጥናት ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩበት ክፍል ይለያያል፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ስምንተኛን ጨርሶ። አጥኚዎቹ ይህን ልዩነት ከአገር አቀፍ ምዘና ውጤቶች ጋር አስተያዩት። ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። እንግዲህ ባዶ የተባለው ልጅ ባዶ አልነበረም። በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ጎበዝ የተባለው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሰነፍ ይባላል፤ በመካከሉ ያለፈው አንድ ክረምት ነው። በአንድ ክረምት አእምሮ አይጠፋም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ፕላዝማ፣ ነገሩን አባባሰው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ያን ጊዜ ሽምደዳ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ተማሪው ክፍል ውስጥ መቆየት የቻለበት ብቸኛ መንገድ ነበር።

የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሳይንስ ቃላት የላቸውም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ የተዘጋጁ የስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ መጻሕፍት ለዚህ በቂ መልስ ናቸው። እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ነው የሚለውም እንግሊዝኛን በደንብ ማስተማርን እንጂ በእንግሊዝኛ ማስተማርን አይደግፍም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ሥልጠናና ድህነት በውጤት ላይ ድርሻ እንዳላቸው አልክድም፤ አጥኚዎቹ የተጠቀሙበት ምዘናም የአንድ ዘመን ነው።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ኩረጃ በመቆሙ እውነተኛው ዕውቀት ተገለጠ ተብሏል። ኩረጃ መቆሙ ተገቢ ነው። ግን የሒሳብ ጥያቄውም የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ላይ የተሰናከለ ልጅ ሊሠራው ይችል ወደነበረው ስሌት አይደርስም፤ ዜሮው ግን የሚጻፈው በሒሳብ ሥር ነው። ፈታኙ ክፍል ያንኑ ጥያቄ በሁለት ቋንቋ አዘጋጅቶ ለሁለት አቻ ቡድኖች ቢሰጥ፣ ከዚያ ዜሮ ስንቱ የሒሳብ፣ ስንቱ የእንግሊዝኛ እንደሆነ መለየት ይቻላል።