2,147,483,647

2,147,483,647 ባለ አሥር አሃዝ ሙሉ ቁጥር ሲሆን፣ 2 በ31 ርቢ ተሰልቶ ከውጤቱ 1 ሲቀነስ (2³¹ − 1) ይገኛል። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ስለሌለ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ2ⁿ − 1 ቅርጽ ከሚገኙት የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮችም በመጠን ስምንተኛው ነው። በኮምፒውተር ዘርፍ ደግሞ ምልክት ያለው የ32 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው።

ብቸኛነቱ እንዴት ተረጋገጠ

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 31ን ብቸኛ ቁጥር ከሚሰጡ ርቢዎች ጋር አስፍሮታል። ሆኖም በዚያው ዝርዝር 67 እና 257 በስሕተት ገብተው ስለነበር ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር። ማረጋገጫውን የሰጠው ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ሲሆን፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1772 ለዳንኤል በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል።

የቁጥሩ ዳግም ዘር ከ46,341 በጥቂቱ ያንሳል። ስለዚህ እስከ 46,340 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ካላካፈሉት ሌላ አካፋይ አይኖረውም። እነዚህ ወደ 4,800 ይጠጋሉ። ኦይለር ግን የቁጥሩ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ቀሪ እንደሚኖረው አሳየ። በዚህም መሞከር ያለባቸው ወደ ሰማንያ ገደማ ብቻ ሆኑ። የመጀመሪያው 311 ነው፤ 311 በ6,905,092 ሲባዛ 2,147,483,612 ስለሚሆን 35 ይቀራል። የተቀሩትም እንዲሁ ቀሪ ተዉ። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ከፍጹም ቁጥር ጋር ያለው ዝምድና

ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ቁጥር ፍጹም ይባላል፤ ለምሳሌ 6 = 1 + 2 + 3። 2,147,483,647 በ2³⁰ ሲባዛም 2,305,843,008,139,952,128 የተባለ ፍጹም ቁጥር ይገኛል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ፈጽሞ እንደማይገኝ ጽፎ ነበር። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን በ1876 ሲያረጋግጥ፣ ከእሱም በተመሳሳይ መንገድ ፍጹም ቁጥር ስለሚገኝ ግምቱ ፈረሰ።

በኮምፒውተር

ከ32ቱ ቢቶች አንዱ ምልክቱን ስለሚይዝ ለመጠኑ የሚተርፉት 31 ናቸው፤ ሁሉም 1 ሲሆኑ ይህ ቁጥር ይነበባል። ብዙ ጊዜ 1 ሲጨመርበት ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። ዩቲዩብ በ2014 የ«ጋንግናም ስታይል» የሙዚቃ ቪዲዮ እይታዎች ቁጥር እዚህ ጣሪያ ሲደርስ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጓል።

ብዙ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጣሪያው ላይ የሚደርሱት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ቆጠራቸው ወደ 64 ቢት ያልተሸጋገረላቸው መሣሪያዎች ከዚያ በኋላ ቀኑን ወደ 1901 ሊመልሱት ይችላሉ። በ64 ቢት ግን ቆጠራው ለ292 ቢሊዮን ዓመታት ያህል ይዘልቃል።